የአየር ንብረት ክርክር በቻት፦ ማስረጃው ለየትኛው ጥያቄ ነው?

አዲስ አበባ ላይ ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት በየቴሌግራም ግሩፑ ነጭ የለበሰ ግቢ ፎቶ ይለጠፋል። ከሥሩም «ዓለም ሞቀች ስትሉን የነበራችሁ የት ገባችሁ?» የሚል ይከተላል። አንዱ ቀይ መስመር ሽቅብ የሚወጣበት ግራፍ ይልካል፤ ሌላው ግራፉን የሠሩት ፈረንጆች መሆናቸውን ያስታውሳል፤ ሦስተኛው ስለ ካርቦን ንግድ የሰማውን በረጅም ቮይስ ይለቃል፤ አራተኛው «ዝናብ የፈጣሪ ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ይሞክራል፤ አምስተኛው ደግሞ የዘንድሮው ድርቅም ጎርፍም አንበጣም የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው ብሎ ይደመድማል። አድሚኑ «ወደ ርዕሳችን እንመለስ» እስኪል ድረስ ሁሉም ተናግሯል፤ ለሌላው የመለሰ ግን የለም።

እንዲህ ያለውን ክርክር የሚታዘብ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ድምዳሜ በአንዱ ላይ ያርፋል። ወይ «ሰው ማስረጃ አይሰማም፣ ትርፉ ድካም ነው» ይላል፤ ወይ «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም ማለት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። እንደ እኔ ችግሩ ማስረጃው የሚወረወረው ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ ሳይለይ መሆኑ ነው። በአንድ ቻት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። ምድር እየሞቀች ነው ወይ፣ ከሆነስ በምን ምክንያት የሚለው አንድ ነው። ይህ ሙቀት በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ዝናብ ላይ ምን አደረገ የሚለው ሌላ ነው። ምን ይደረግ፣ ማንስ ይክፈል የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ለመጀመሪያው የተሰበሰበው ማስረጃ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ለሁለተኛው እንደ ቦታውና እንደ ጉዳዩ ይለያያል፤ ሦስተኛው በማስረጃ ብቻ የሚፈታ አይደለም። በሦስተኛው የተቆጣ ሰው የመጀመሪያውን ሲክድ፣ በመጀመሪያው የተማመነ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ያለ ማስረጃ ሲያውጅ ክርክሩ መላ ቅጡ ይጠፋል።

ከመጀመሪያው እንነሳ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቻት ላይ ይህ ጥያቄ የሚስተናገደው በአንድ ግራፍ ወይም በአንድ ስክሪንሾት ነው፤ አንድ ግራፍ ደግሞ ምንጊዜም በሌላ ግራፍ ይመለሳል። የማስረጃው ጉልበት ግን አንዱ ዘንድ ብቻውን የለም። ሳይተዋወቁ ከተለያየ ሰፈር መጥተው አንድ ዓይነት ቃል እንደሚሰጡ እማኞች፣ ጉልበቱ ያለው በመገጣጠማቸው ነው። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 የመስታወት ሲሊንደሮችን በተለያዩ ጋዞች ሞልታ ፀሐይ ላይ ስታስቀምጥ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌሎቹ ይበልጥ መሞቁን አየች። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ጆን ቲንዳል፣ ከሙቅ አካል የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ይህ ጋዝ እንደሚያስቀር በቤተ ሙከራ ለካ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1896 የጋዙ መጠን ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእጁ አሰላ። በዚያ ዘመን የካርቦን ገበያ አልነበረም፤ ለአየር ንብረት ምርምር ገንዘብ የሚያድል ዓለም አቀፍ ፈንድም አልነበረም። «ለገንዘብ ሲሉ የፈጠሩት ወሬ ነው» ለሚል ሰው ከሁሉ አጭሩ መልስ ይህ የዘመን ቅደም ተከተል ነው።

ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር፣ ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 315 ገደማ የሚሆኑት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ዛሬ ከ420 በላይ ሆነዋል። በአንታርክቲካ ግግር በረዶ ውስጥ ታፍነው የቀሩ የአየር አረፋዎች ታሪኩን 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዱታል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ይህ ቁጥር ከ300 ብዙም አላለፈም። «እሳተ ገሞራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የምድር እሳተ ገሞራዎች በሙሉ በዓመት የሚያወጡት ግን የሰው ልጅ ከሚያወጣው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህ ሒሳብ ለማያሳምነው ካርቦኑ ራሱ ከየት እንደመጣ ምልክት ይዟል። ከመሬት ሥር ሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ነዳጅና ከሰል ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት ፈጽሞ አልቆበታል፤ ካርቦን 13 የሚባለውም ያንሰዋል። በአየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዓመት ዓመት ይህንኑ መልክ እየያዘ ነው። ነገር ሲቃጠል ኦክስጅን እንደሚበላም የአየሩ ኦክስጅን በጥቂቱ፣ ግን በሚለካ መጠን እየቀነሰ ነው።

«ፀሐይ ናት» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ሊፈተን ይችላል። ጥፋቱ የፀሐይ ቢሆን ኖሮ ከባቢ አየሩ ከታች እስከ ላይ በሞቀ ነበር። ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ በ1967 ባሳተሙት ስሌት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር የታችኛው አየር እንደሚሞቅ፣ ስትራቶስፌር የሚባለው የላይኛው ክፍል ደግሞ እንደሚቀዘቅዝ አስቀድመው ተናገሩ። ይህን በመላው ዓለም የሚለኩ ሳተላይቶች ገና ዓመታት ይቀሯቸው ነበር፤ መጥተው ሲለኩ የተገኘው እነሱ እንዳሉት ነው። በእርግጥ የኦዞን መሳሳትም ለቅዝቃዜው የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል፤ ከዋናው የኦዞን ንብርብር በላይ የታየውን ቅዝቃዜ ግን ኦዞን ብቻውን አያስረዳም። የፀሐይ ጉልበት ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ አልጨመረም። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ሆነዋል። በተመሳሳይ ዓመት የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል ግምገማ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እስከ 2010ዎቹ የሰው ልጅ ያመጣውን ሙቀት 1.07 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርጎ ገምቷል፤ ከነስህተት ጠርዙ ከ0.8 እስከ 1.3 መሆኑ ነው። ይህ ጠርዝ በቻት ሲተላለፍ ሁልጊዜ ተቆርጦ ይቀራል፤ እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ታማኝነትን የሚያተርፈው ጠርዙ ይመስለኛል።

ሳይንቲስቶች እርስ በርስ ሲሟገቱ ምን እንደሚመስል በቅርብ ለማየት የሳተላይቱን መዝገብ ታሪክ ያህል የሚጠቅም የለም። ቻት ላይ የሚጠቀሰው ግን ከመሐሉ ተቆርጦ ነው። በሀንትስቪል የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጆን ክሪስቲና ሮይ ስፔንሰር፣ ከ1979 ጀምሮ የተሰበሰበውን የሳተላይት መረጃ ይዘው በ1990ዎቹ የታችኛው ከባቢ አየር እምብዛም እንዳልሞቀ፣ እንዲያውም በጥቂቱ የቀዘቀዘ እንደሚመስል አስታወቁ። መሬት ላይ ያሉት ቴርሞሜትሮች ሙቀት ሲያሳዩ ሳተላይቱ አላሳየም። ተጠራጣሪው ሁሉ ይህን ይዞ ቆመ፤ ጥያቄውም ተገቢ ጥያቄ ነበር። ይሁን እንጂ ሳተላይት ቴርሞሜትር አይደለም። የሚለካው የኦክስጅን ሞለኪውሎች የሚለቁትን ማይክሮዌቭ ነው፤ ሙቀቱ ከዚያ በስሌት ይወጣል። በ1998 ፍራንክ ዌንትዝና ማቲያስ ሻበል፣ ሳተላይቶቹ ከስሱ አየር ጋር እየተፋተጉ ቀስ በቀስ ዝቅ እንደሚሉና ይህም በስሌቱ ውስጥ የሌለ ቅዝቃዜ እንደሚፈጥር አሳዩ። በ2005 ካርል ሚርስና ዌንትዝ ሌላም አገኙ። ሳተላይቶቹ በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉበት ሰዓት ከዓመት ዓመት ይዛነፋል፤ ያንን ለማቃናት በገባው እርማት ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተገላብጦ ነበር። ክሪስቲና ስፔንሰር ስህተቱን ተቀብለው አረሙ። ዛሬ የእነሱው መዝገብ በየአሥር ዓመቱ ወደ 0.15 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያሳያል። ሁለቱ ሰዎች ስለ ወደፊቱ አደጋ መጠን አሁንም ከአብዛኞቹ ባልደረቦቻቸው የተለየ አቋም አላቸው፤ የመዝገባቸው መስመር ግን ወደ ላይ ነው።

እንግዲህ «ሳይንቲስቶች ተሳስተው ያውቃሉ» የሚለው ሰው እውነቱን ነው። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ስህተቱን ማን አገኘው፣ በምን መንገድ አገኘው የሚለው ነው። እዚህ ያገኙት ሌሎች የዘርፉ ሰዎች ናቸው፤ ያገኙትም ያንኑ መረጃ እንደገና በማስላት ነው። እርማቱ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ከእርማቱ በፊት የተሠራው ግራፍ ግን ቀኑ ተቆርጦ ዛሬም ሼር ይደረጋል። ስክሪንሾት አይታረምም፤ የቻት ማስረጃ ትልቁ ድክመቱም ይህ ነው። ስለዚህ ከግራፍ ጋር መከራከር ከመጀመር በፊት «ይህ የስንት ዓመት መረጃ ነው? ከየት ተጀምሮ የት ላይ ያበቃል?» ብሎ መጠየቅ ከአሥር የመልስ ግራፎች ይሻላል። በ1998 ኃይለኛ ኤልኒኖ ዓመቱን ለየት አድርጎ አሙቆት ስለነበር ከዚያ ዓመት የሚጀምር መስመር ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ጠፍጣፋ መስሎ ታይቶ ነበር፤ «ሙቀቱ ቆመ» የተባለውም በዚህ ነው። መስመሩ እስከ 2024 ሲዘረጋ ግን የዓለም ሚቲዮሮሎጂ ድርጅት ያንን ዓመት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ የበለጠ፣ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ብሎታል።

ከዚህ የከረረው ተቃውሞ ሴራ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚጠቀሰው ዋና ጉዳይ እውነተኛ ነው። በኅዳር 2009 ከእንግሊዙ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ሺህ በላይ ኢሜይሎች ተሰርቀው ወጡ፤ «ማሽቆልቆሉን መደበቅ» የሚል ሐረግም ተገኘባቸው። ሐረጉ የሚናገረው ስለ ምድር ሙቀት አልነበረም፤ የአንዳንድ ዛፎች የዕድገት ቀለበት ከ1960 ወዲህ ከቴርሞሜትር ጋር አልሄድ ስለማለቱ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴን ጨምሮ በርካታ አጣሪዎች ጉዳዩን መርምረው የተፈበረከ መረጃ አላገኙም፤ ሳይንቲስቶቹ መረጃ ለሌላ በማካፈል ረገድ ግልጽነት ጎድሏቸዋል ብለው ግን ወቅሰዋል። ወቀሳውን መደበቅ አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታቱ ፓነል የ2007 ግምገማ የሂማላያ ግግር በረዶ በ2035 ሊጠፋ ይችላል ማለቱም ስህተት ነበር፤ በ2010 መጀመሪያ በይፋ ታርሟል። እነዚህን ሁለቱን አስቀድሞ የሚያነሳ ተከራካሪ፣ ሌላው እንደ ተደበቀ ሀብት ቆፍሮ እንዳያወጣቸው ያደርጋል። በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ የሙቀት መዝገቦቹን ይጠራጠሩ የነበሩት የበርክሌው ፊዚሲስት ሪቻርድ ሙለር የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው መዝገቡን ከሥሩ አሰሉት። ከለጋሾቻቸው አንዱ በነዳጅ ሀብት የሚታወቀው የቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ነበር። በ2012 ውጤታቸው ከሌሎቹ ጋር እንደሚገጥም፣ ምክንያቱም በዋናነት የሰው ልጅ እንደሆነ ተናገሩ። ገንዘብ ውጤትን ይወስናል የሚል ሰው ይህን ጉዳይ ማስረዳት ይቸግረዋል።

በዚህ በኩል አንድ ነገር ቢቀር ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱም «97 በመቶ ሳይንቲስቶች ተስማምተዋል» የሚለው ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። የ2013ቱ የጆን ኩክ ጥናት 11,944 የምርምር ጽሑፎችን አጽሕሮት አንብቦ፣ ስለ ምክንያቱ አቋም ከወሰዱት ውስጥ 97 በመቶው የሰውን ልጅ ተጠያቂ ማድረጋቸውን አገኘ። ከጽሑፎቹ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ግን ስለ ጉዳዩ በአጽሕሮታቸው ምንም አላሉም፤ ተቃዋሚው ይህን ጠቅሶ ይስቃል። ዝም ያሉት ካዱ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የዛሬ ባዮሎጂ ጽሑፍም ሴል መኖሩን አያረጋግጥም። ሆኖም ሥልጣን የማይቀበልን ሰው በሥልጣን ብዛት ለማሳመን መሞከር ራሱ የተሳሳተ መንገድ ነው። የስትራቶስፌሩን ቅዝቃዜ መጠየቅ የቻለ ሰው መቶኛ አያስፈልገውም፤ ያልቻለውም በመቶኛ አይረካም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሻገር አነጋገራችን መለወጥ አለበት። የአማርኛው ክርክር በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሰናከሉትም ብዙ ጊዜ ከከሃዲዎቹ ይልቅ ለሳይንሱ የሚሟገቱት ናቸው። በኢትዮጵያ ሙቀት መጨመሩ አያጠራጥርም፤ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሏል። ይህ የሚዳሰስ ውጤት አለው። በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋዎች የተያዙ የወባ መዝገቦችን መርምሮ፣ በሞቃት ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ዝናብ ግን እንደ ሙቀት ታዛዥ አይደለም። በ2015 ኤልኒኖ ያባባሰው ድርቅ ሲመጣ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈለገው፤ በየቻቱም «ይኸው የአየር ንብረት ለውጥ» ተባለ። ድርቁን በኋላ የመረመሩ ሳይንቲስቶች በዝናቡ እጥረት ላይ ግልጽ የሆነ የአየር ንብረት ለውጥ አሻራ ማግኘት አልቻሉም። በአንጻሩ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበትን የደቡብ ኢትዮጵያ፣ የሶማሊያና የኬንያ ድርቅ የመረመረው ወርልድ ዌዘር አትሪቡሽን የተባለው ቡድን፣ በ2023 ፍጹም የተለየ መልስ ሰጠ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ እንዲህ የመክሸፍ ዕድሉ በሰው ሠራሹ ሙቀት እጥፍ ገደማ ሆኗል፤ ዝናብ ማጣቱ ከሞቀው አየር ትነት ጋር ተደምሮ የአፈርና የግጦሽ ድርቁን የመከሰት ዕድል ቢያንስ መቶ እጥፍ ከፍ አድርጎታል።

ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከማንኛውም መፈክር ይበልጥ ያስተምራል። አንዱ ድርቅ ላይ «አሻራው አልታየንም» ያለ ዘዴ ሌላው ላይ «በግልጽ አለ» ሲል፣ ዘዴው አስቀድሞ የተወሰነ መልስ የሚያትም ማሽን አለመሆኑ ይታወቃል። «ሁሉን ነገር በአየር ንብረት ለውጥ ያሳብባሉ» ለሚለው ተቃውሞ የ2015ቱ ድርቅ ጥናት ዋና መልስ ነው፤ የሚገርመው ግን ከሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው የለም። ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። በምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ ከ1980ዎቹ ወዲህ ሲቀንስ ታይቷል፤ የአየር ንብረት ሞዴሎች ደግሞ ወደፊት እንደሚጨምር ይናገራሉ። ተመራማሪዎች ይህን የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ እያሉ ዓመታት ተሟግተውበታል። ይህን የሚያነሳ ተከራካሪ የካደ መስሎ መታየት የለበትም፤ ከባለሙያዎቹ ጥያቄ ጋር የሚገጥም ጥያቄ አንስቷልና።

ያለ ማስረጃ በአየር ንብረት ለውጥ የሚሳበብ ብዙ ነገር አለ። ሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ መድረቁ የዚህ ለውጥ ምልክት ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል፤ ነገር ግን ሐይቁ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ይሳብ ነበር፣ ለሐረር ከተማም የመጠጥ ውሃው ነበር፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለልም ሞልቶታል። በቅርብ ዓመታት ውሃው በከፊል ተመልሷል። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው በ1950ዎቹ ከ3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ40 በላይ ሲደርስ፣ ጥናቶች በዋናነት የሚያነሱት የመስኖ ትርፍ ውሃንና የከርሰ ምድር ውሃን ነው። አንዱ ደረቀ፣ አንዱ ሞላ፤ ቻቱ ለሁለቱም አንድ ስም ሰጣቸው። ይህ የዋህ ስህተት አይደለም፤ በፓምፑና በደለሉ የሚጠየቅ ሰው ነጻ ይወጣበታል። ኃላፊው «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ሲያልፍ የሚያጨበጭብለት የአካባቢ ተቆርቋሪ፣ ነገ እውነተኛውን ማስረጃ ይዞ ሲመጣ የሚያምነው ያጣል።

በሌላው ጽንፍ የዱባዩ ጎርፍ አለ። በሚያዝያ 2024 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከዓመት ዝናብ የሚበልጥ ውሃ በአንድ ቀን ወረደ፤ አል ዓይን ውስጥ ኻትም አል ሸክላ ላይ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ተለካ። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረጿቸው የሰመጡ መንገዶች በአማርኛ ቻቶች ሲዞሩ አብሮ የዞረው ማብራሪያ «ደመና ሲያዘንቡ አመለጣቸው» የሚል ነበር። ማብራሪያው ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አልነበረም፤ በ2021 የኢትዮጵያ መንግሥትም ደመናን የማዝነብ ሥራ መጀመሩን ይፋ አድርጎ ነበርና። ይሁንና ደመና ማዝነብ ቀድሞ እርጥበት ካዘለ ደመና በጥቂቱ የሚያወርድ ዘዴ ነው፤ ከኦማን ጀምሮ ሰፊ አካባቢ የሸፈነ ማዕበል መፍጠር አይችልም። ጉዳዩን የመረመረው ያው ወርልድ ዌዘር አትሪቡሽን ደመና ማዝነቡ የረባ ተጽዕኖ እንዳልነበረው ገልጿል። ስለ ሙቀቱ ድርሻ ደግሞ በኤልኒኖ ዓመታት የሚጥለው እንዲህ ያለ ከባድ ዝናብ ከቀድሞው ከ10 እስከ 40 በመቶ በርትቷል አለ፤ ይህን ጭማሪ ከሰው ሠራሹ ሙቀት ጋር በእርግጠኝነት ለማስተሳሰር ግን ሞዴሎቹ በቂ ድጋፍ እንዳልሰጡት አልደበቀም። ቴሌግራም ላይ ይህን ሁሉ የሚያነብ ጥቂት ነው። ቢያንስ «ጨምሯል» እና «ፈጥሯል» የሚሉትን መለየት ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

የወቅት ትንበያም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል። የሚቲዮሮሎጂ ትንበያ የሚወጣው በሦስት ክፍል ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች፣ ለእያንዳንዳቸውም የመሆን ዕድል ይሰጣል። ቻት ላይ ሲደርስ «ዘንድሮ ዝናብ የለም» ይሆናል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ «ሳይንስ ዋሸ» ይባላል፤ የዋሸው ግን መሐል ላይ ያሳጠረው ሰው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይለያል፤ በጎ ተቃውሞ የሚሰማውም ከዚህ ወገን ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ነዳጅና ከሰል በማቃጠል በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ቶን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ የአንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ ነው። እነሱ አቃጥለው እኛን ዛፍ ትከሉ የሚሉን በምን ሒሳብ ነው የሚል ሰው ቁጣው መሠረት አለው። ችግሩ ቁጣውን የሚገልጸው «የአየር ንብረት ለውጥ የፈረንጅ ተረት ነው» ብሎ ሲሆን ነው። ነገሩ ተረት ከሆነ ካሳ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም፤ እውነት ከሆነ ግን የደረሰበት ሰው ባለመብት ነው። በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ታዳጊ አገሮች ከረጅም ትግል በኋላ የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲቋቋም ያስወሰኑት ሳይንሱን ይዘው ነው። ቁጣውን ተቀብሎ መደምደሚያውን ብቻ ማረም ይቻላል፤ እንዲያውም ከሌላው መንገድ ሁሉ ቀላሉ ይሄ ነው።

የእምነቱ ተቃውሞም በዚሁ መልክ ቢታይ መልካም ነው። «ዝናብ የፈጣሪ ነው» የሚል ሰው ስለ ካርቦን መጠን የተናገረው ነገር የለም፤ ስለዚህ በካርቦን መጠን ሊመለስለት አይገባም። ወጣቶች አንዳንዴ ይህን እንደ ድንቁርና ቆጥረው ይሳለቃሉ፤ በአንድ ስድብም ያንን ሰው ብቻ ሳይሆን ግሩፑን በሙሉ ያጣሉ። የፓነሉን ሳይንሳዊ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ግምገማዎች የመሩት ብሪታንያዊው ጆን ሁውተን አጥባቂ ክርስቲያን ነበሩ፤ ቴክሳስ ያለችው ተመራማሪ ካትሪን ሄይሆም እንዲሁ ናት። የወባ መድኃኒት መውሰድ እምነትን እንደማይነካ የገባው ሕዝብ፣ የጋዝ መለኪያም እንደማይነካው ለመረዳት ብዙ አይርቅም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ቻት ላይ በማስረጃ መከራከር ለውጥ ያመጣል ወይ? እዚህም ላይ ከስሜት ይልቅ ማስረጃ አለ። በ2010 ሁለት አሜሪካዊ ተመራማሪዎች እርማት አንዳንዴ የተሳሳተውን እምነት ይበልጥ ያጠነክራል የሚል ውጤት አሳትመው ነገሩ በዓለም ተወራ፤ «ባታርመው ይሻላል» የሚለው ምክርም ከዚያ መጣ። በ2019 በወጣ እጅግ ሰፊ ሙከራ ግን ቶማስ ዉድና ኢታን ፖርተር ይህን ክስተት በአስተማማኝ ሁኔታ ማግኘት አልቻሉም፤ አብዛኛው ሰው የታረመውን ቢያንስ በጥቂቱ ይቀበላል። በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ከሁለት ሺህ በላይ አሜሪካውያን በሴራ ስለሚያምኑበት ነገር ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር በጽሑፍ እንዲወያዩ አደረገ። እምነታቸው በአማካይ በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ከሁለት ወር በኋላም ውጤቱ ቆየ። ማሽኑ ያደረገው ምሥጢር አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው የሚያምንበትን የራሱን ምክንያት ጠይቆ ለዚያው ምክንያት መለሰ። አንባቢው እንደሚያስተውለው በግሩፖቻችን የማይደረገው ይኸው ነው። በሌላ በኩል ዳን ካሃንና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ዕውቀታቸው ከፍ ያለ ሰዎች በአየር ንብረት ጉዳይ ይበልጥ ሲራራቁ ታይተዋል፤ ያወቀ ሰው ወገኑን የሚከላከልበት ምክንያትም ብዙ አለውና። ያ የሆነው ጉዳዩ የፓርቲ መለያ በሆነበት አገር ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የአየር ንብረት ገና የወገን ባንዲራ አልሆነም፤ ስለዚህ የመነጋገሪያው በር ከአሜሪካው ይልቅ ሰፊ ነው የሚል ግምት አለኝ።

ደግሞም የሚጽፈውን ብቻ ቆጥሮ ግሩፑን መገመት ያሳስታል። በ125 አገሮች ወደ 130,000 ሰዎችን የጠየቀና በ2024 የታተመ ጥናት፣ 89 በመቶው መንግሥታት በአየር ንብረት ላይ ይበልጥ እንዲሠሩ እንደሚፈልግ አግኝቷል፤ ሰዎቹ ግን ሌላው ሰው ለጉዳዩ ያለውን ፈቃደኝነት ከእውነተኛው አሳንሰው ገምተዋል። ጮክ ብሎ የሚከራከረውን መርታት ባይቻልም፣ ሳይጽፍ የሚያነበው ብዙ ሰው መልሱን ያያል። መልስ የሚጻፈው ለእሱ ከሆነ ስድቡ ይቀንሳል፣ ቀን የሌለው ስክሪንሾትም ዋጋ ያጣል።

በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። ያኔ በየቻቱ ዋናው ወሬ ካሳ መሆኑ አይቀርም፤ ማን ይክፈል፣ ለማን ይከፈል፣ ገንዘቡስ የት ይገባል የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ይገንናል። ካሳ የሚጠይቅ አገር ግን ጉዳቱ የትኛው ድርቅ ላይ፣ በምን ያህል መጠን ከሙቀቱ እንደመጣ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ያም የሚሰላው በየወረዳው ከሚያዝ ረጅምና ያልተቋረጠ የዝናብና የሙቀት መዝገብ ነው። በቆላማው አርብቶ አደር አካባቢ የመለኪያ ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፣ የብዙዎቹም መዝገብ በመሐል ይቋረጣል፤ ተመራማሪዎች ክፍተቱን በሳተላይት ግምት ሲሞሉ ኖረዋል። ዛሬ ግራፍ ሁሉ የፈረንጅ ነው የሚለው ተከራካሪ፣ ነገ ለካሳው የሚያስፈልገው የራሱ አገር ግራፍ የት እንዳለ፣ ከሌለም ለምን እንደሌለ ቢጠይቅ ጥያቄው በሚገባው ሰው ደጃፍ ይደርሳል።